«ዘገበ» ስለሚለው ቃል ትርጓሜና በመጻሕፍት ስላለው አገባብ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ

የሰው ልጅ ከአባቶቹ የሚወርሰው ርስት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መሬት ነው፤ ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የመሬት ድንበር በድንጋይና በዛፍ ይታወቃል፤ የቃል ድንበር ግን በትርጓሜ እንጂ በሌላ ነገር አይታወቅም። የመሬቱን ድንበር የማያውቅ ሰው ከጎረቤቱ ጋራ ሲሟገት እንደሚኖር፥ የቃሉን ድንበር የማያውቅ ሰውም ከመጽሐፍ ጋራ ሲሟገት ይኖራል። ስለዚህ በዚህ ንግግር ከብዙዎቹ ቃላት አንዱ ብቻ ተመርጦ ከሥሩ እስከ ቅርንጫፉ ይመረመራል። ቃሉም «ዘገበ» የሚለው ነው፤ ከርሱም «መዝገብ» የሚለው ስም ይወጣል።

ይህን ቃል ለመመርመር ምክንያት የሚሆን ነገር በማናቸውም የመንደር ትምህርት ቤት ሊገኝ ይችላል። ለምሳሌ ያህል በአንድ የወይና ደጋ መንደር፥ በሰኔ ወር መባቻ፥ ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ መምህሩ እንደ ልማዱ የተማሪዎቹን ስም ከመዝገብ እየጠራ ሳለ አንድ ልጅ ተነሥቶ እንዲህ ብሎ ጠየቀ እንበል።

«የኔታ፥ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሲተረጐም፥ ሰው በምድር ላይ መዝገብ እንዳይሰበስብ ተከልክሏል ሲባል ሰማሁ። ታዲያ እርስዎ ይህን መዝገብ በየማለዳው እየያዙ የሚመጡት ስለምን ነው?»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ ስለምን ቢሉ፥ የጠየቀው ልጅ ለመቀለድ እንዳልጠየቀ በፊቱ አይቷልና። ደግሞም መልሱን በልቡ ቢፈልገው አላገኘውም። የቀረውን ትምህርት አስተምሮ ከጨረሰ በኋላ፥ በዚያው መንደር ወደሚኖሩት፥ ቅኔና ትርጓሜ ወደሚያውቁት ሽማግሌ መሪጌታ ዘንድ ሄዶ ነገሩን አጫወታቸው።

መሪጌታውም፥ «ልጁ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ዘመን ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ቤቱን ለውጧል። ተቀመጥና ከሥሩ እንጀምር» አሉት።

የቃሉ ሥር

«ዘገበ» የግእዝ ግስ ነው። ትርጓሜውም ሰበሰበ፥ አከማቸ፥ አደለበ፥ ለኋላ ቀን ብሎ አኖረ ማለት ነው። «ይዘግብ» ሲል ያከማቻል ማለት ነው፤ «ዝጉብ» ሲል የተከማቸ ማለት ነው። «መዝገብ» የሚለውም ስም ከዚሁ የሚወጣ ነው። ነበረ ከሚለው፥ ይኸውም ተቀመጠ ማለት ነው፥ መንበር እንደሚወጣ፤ ቀደሰ ከሚለውም መቅደስ እንደሚወጣ፤ እንደዚሁ ዘገበ ከሚለው መዝገብ ይወጣል። እንግዲህ መንበር መቀመጫ እንደ ሆነ፥ መቅደስም የሚቀደስበት ስፍራ እንደ ሆነ፥ መዝገብም በጥንተ ነገሩ ማከማቻ ስፍራ ነው። ኋላም በስፍራው ውስጥ የተከማቸው ሀብት ራሱ መዝገብ ተባለ። ሲበዛ መዛግብት ይባላል፤ መዛግብቱ ያሉበትም ቤት ቤተ መዛግብት ይባላል።

ስለዚህ በግእዝ መጻሕፍት «መዝገብ» የሚል ቃል ያገኘ ሰው፥ ወረቀትና ቀለም ሳይሆን ወርቅና ብር፥ ልብስና እህል፥ ሽቱና ዕንቍ ማሰብ ይገባዋል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ቃሉ እንዳለ ከግእዙ ስለ ተወሰደ፥ የዛሬ ልጅ ሲያነበው ወይም ሲሰማው የስም መጥሪያውን ደብተር ያስባል። ያ ልጅ የተደናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ጎረቤቶቹ ቃላት

አንድ ቃል በሚገባ የሚታወቀው ከጎረቤቶቹ ጋራ ሲተያይ ነው። የአማርኛ ቋንቋ ስለ ማከማቸት ብዙ ቃላት አሉት፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

«ከመረ» የሚለው ነገሩን በግልጥ መቈለልን ያሳያል። የእህል ክምር ከዐውድማ አጠገብ ቆሞ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል፤ ስለዚህ በክምር ውስጥ ምሥጢር የለም። «አጠራቀመ» ግን ጥቂት በጥቂት የሚሆነውን ያመለክታል፤ ሴት ወይዘሮ ከየዕለቱ ወጪ እያስቀረች የምታጠራቅመው ገንዘብ እንደዚህ ያለ ነው። «ቆጠበ» ወጪን መመጠን ነው፤ የተቆጠበው ነገር ገና ያልተበላ እንጂ የተሸሸገ አይደለም። «ቋጠረ» በጨርቅ ወይም በከረጢት ማሰር ነው፤ መንገደኛ ስንቁን ይቋጥራል። ነገር ግን ሰው ቂምን ይቋጥራል ደግሞ ይባላል፤ ከዚህም ማከማቸት የእህልና የገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። «ከተተ» ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ገበሬ አዝመራውን ይከትታል፤ ለጦርነትም የሚታወጀው ዐዋጅ «ክተት» ይባላል።

«ደለበ» የሚለው ቃል ደግሞ የተለየ ነው። ሰንጋ ሲቀለብና ሲሰባ ደለበ ይባላል፤ ተከማችቶ የቆየ ገንዘብም ድልብ ይባላል። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራው አለ ምክንያት አይደለም። የደለበ ሰንጋ ሥራ ትቶ በአንድ ስፍራ ታስሮ የሚበላ ነው፤ የደለበ ገንዘብም ከእጅ ወደ እጅ መሄዱን ትቶ በአንድ ስፍራ የተኛ ነው።

ከነዚህ ሁሉ በኋላ «ሸሸገ» እና «ነፈገ» ይመጣሉ። ሸሸገ ከዓይን መሰወር ነው፤ ነፈገ ግን ከሚያስፈልገው ሰው መከልከል ነው። «ንፉግ» የሚለው ስድብ የወጣው ከዚህ ከኋለኛው ነው። ልብ ሊደረግ የሚገባው ነገር እንዲህ ነው፦ ዘገበ ያለ ሰው ገና አልተነቀፈም፤ ዘግቦ ሲነፍግ ግን ይነቀፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በጎተራው መጠን አይታወቅም፤ የሚታወቀው በበሩ ነው፤ ይኸውም የሚከፈትና የማይከፈት በር ነው።

መምህራን ይህን ለልጆች ለማስተማር ሲፈልጉ፥ እነዚህን ቃላት በሰሌዳ ላይ ጽፈው እያንዳንዱን ልጅ በአንዱ ቃል ከቤቱ ኑሮ ምሳሌ እንዲያወጣ ቢያደርጉት፥ ትርጓሜው ከአእምሮው አይጠፋም።

በቅዱሳት መጻሕፍት ስላለው አገባብ

የማከማቸት ነገር በመጻሕፍት ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ይመሰገናል፥ ሁለተኛው ይነቀፋል።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 የዮሴፍ ታሪክ አለ። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከግብፅ ምድር ፍሬ አምስተኛውን እጅ እያስወሰደ በየከተማው እህል አከማቸ፤ የራብ ዓመት በመጣ ጊዜም ጎተራዎቹን ከፈተ። መጽሐፉ ዮሴፍን የሚያመሰግነው ስላከማቸ ብቻ አይደለም፤ በጊዜው ስለ ከፈተ ነው። ነገር ግን ታሪኩን በምዕራፍ 47 እስከ ፍጻሜው የሚያነብ ሰው፥ ሕዝቡ እህሉን ለማግኘት ገንዘቡን፥ ከብቱን፥ በመጨረሻም መሬቱን ለፈርዖን እንደ ሰጠ ያያል። እንግዲህ በተከፈተ ጎተራ በኩል እንኳ ትልቅ ኃይል ወደ ባለ ጎተራው እንደሚሄድ መጽሐፉ አልሸሸገም።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 ደግሞ የመና ነገር አለ። እስከ ነገ እንዳያሳድሩት ታዘው ሳለ ያሳደሩት ሰዎች መናው ተልቶና ሸትቶ አገኙት። በስድስተኛው ቀን ግን ለሰንበት ብለው እጥፍ ሰብስበው ያሳደሩት አልተላም፥ አልሸተተምም። ነገሩ አንድ መና፥ አንድ ዕቃ፥ አንድ ሌሊት ነው፤ ልዩነቱ የተቀመጠበት ምክንያት ነው። በፊተኛው ያስቀመጠው ሥጋት ነው፤ በኋለኛው ያስቀመጠው ሥርዓት ነው። ስለዚህ ማከማቸትን ሁሉ መንቀፍም፥ ማከማቸትን ሁሉ ማመስገንም ትክክል እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 11 እህልን የሚያስቀር ሰው በሕዝብ ዘንድ እንደሚረገም፥ የሚሸጥ ግን በረከት እንደሚያገኝ ይናገራል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረው ባለጸጋም እርሻው እጅግ ባፈራለት ጊዜ አሮጌውን ጎተራ አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ አሰበ፤ ነገር ግን በዚያችው ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። ይህ ሰው ሰረቀ ወይም ገደለ አልተባለም። በንግግሩ ሁሉ ግን ሌላ ሰው የለም፤ እህሉም የኔ፥ ጎተራውም የኔ፥ ነፍሱም የኔ ነው። ሰውዬው ያከማቸው እህልን ብቻ አልነበረም፤ «የኔ» የሚለውንም ቃል አከማችቷል።

በእስልምና ሕግም ቢሆን ሰው ሲቸገር ዋጋ እንዲወደድ ብሎ ምግብን መያዝ «ኢሕቲካር» ተብሎ ይነቀፋል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ኃጢአተኛ እንደ ሆነ በሐዲስ ተነግሯል። ስለዚህ በአንድ መንደር የሚኖሩ ክርስቲያንና እስላም ሽማግሎች በዚህ ነገር የሚከራከሩበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተከለከለው መዝገብ ብል የሚበላው፥ ዝገት የሚያበላሸው፥ ሌባ ቈፍሮ የሚወስደው የምድር ሀብት ነው። ነገር ግን በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 13፥ የተማረ ጸሓፊ ከመዝገቡ አዲሱንና አሮጌውን ከሚያወጣ ባለቤት ጋራ ተመስሏል። እንግዲህ አንዱ ወንጌል በአንድ ቃል አንዱን መዝገብ ከለከለ፥ ሁለተኛውን አመሰገነ። ምነው ቢሉ፥ ፊተኛው የሚገባበት እንጂ የማይወጣበት ነው፤ ሁለተኛው ግን የሚወጣበት ነው።

ቃሉ ስለ ሄደበት መንገድ

መዝገብ የሚለው ቃል ከወርቅና ከእህል ወደ ወረቀት እንዴት እንደ ተሻገረ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በግምጃ ቤት ብዙ ዕቃ ያለው ሰው የገባውንና የወጣውን ካልጻፈው ይጠፋበታል። ስለዚህ ሀብቱ ባለበት ስፍራ የሀብቱ ዝርዝር ይኖራል፤ ኋላም የስፍራው ስም ለዝርዝሩ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሀብት ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የሰው ስም፥ የፍርድ ነገር፥ የግብር ልክ የተጻፈበት ሁሉ መዝገብ ተባለ፤ ጽሕፈቶቹም የሚጠበቁበት ክፍል መዝገብ ቤት ተባለ። ከዚያም ወዲህ «ዘገበ» በአማርኛ ጻፈ፥ መዝግቦ ያዘ ማለት ሆነ፤ በጋዜጣና በራዲዮ ዘመንም ወሬ አጣርቶ ለሕዝብ የሚያደርስ ሰው ዘጋቢ፥ ያደረሰውም ነገር ዘገባ ተባለ።

በዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ጥንት ዘጋቢ ማለት ሰብስቦ የሚቈልፍ ነበር፤ ዛሬ ዘጋቢ ማለት ሰብስቦ የሚበትን ነው። ቃሉ አንድም ፊደል ሳይለውጥ ከበሩ ውስጥ ወደ በሩ ውጭ ወጣ።

ይህም መንገድ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በግሪክ ቋንቋ የተከማቸ ሀብትና የሀብት ቤት «ቴሳውሮስ» ይባላል፤ ከላይ በተነገረው በማቴዎስ ወንጌል በግሪኩ ያለው ቃል ይኸው ነው፤ ግእዙም የተረጐመው መዝገብ ብሎ ነው። የአውሮጳ ሊቃውንት ደግሞ ይህንኑ የግሪክ ቃል ለቃላት መጽሐፍ ስም አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1852 በሎንዶን የታተመው የሮጄት የቃላት መጽሐፍ «ቴሳውረስ» ተብሎ መጠራቱ ከዚህ የተነሣ ነው። በዐረብኛም ማከማቸት «ኸዘነ»፥ ማከማቻውም «መኽዘን» ይባላል። ይህ ቃል በኢጣልያንኛ በኩል አልፎ በአማርኛ «መጋዘን» ሆኖ የዕቃ ቤት ስም ሲሆን፥ በእንግሊዝ አገር ግን «ማጋዚን» ተብሎ የመጽሔት ስም ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1731 በሎንዶን መውጣት የጀመረው «ጀንትልማንስ ማጋዚን» በዚህ ስም የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ግሪኩም፥ ዐረቡም፥ ሐበሻውም የእህልና የወርቅ ቤት ብለው የጀመሩት ቃል በመጻሕፍት ቤት ዐርፏል።

በአገራችንም አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፥ ከርሳቸውም ዕረፍት በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ተፈጽሞ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታተመው ታላቅ መጽሐፍ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ይባላል። ደስታ ተክለ ወልድም ራሳቸው ያዘጋጁት «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ታተመ። መዝገበ ቃላት ማለት የቃላት ጎተራ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ጎተራ ብዙ ሰው በወሰደለት ቍጥር የሚሞላ እንጂ የሚጎድል አይደለም።

በቅኔ ስላለው ጥቅም

ሁለት ትርጓሜ ያለው ቃል ለባለ ቅኔ እንደ ተሳለ ማረሻ ነው። መዝገብ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ሀብት፥ አንድ ጊዜ መጽሐፍ ስለሚሆን ለሰምና ወርቅ እጅግ የተመቸ ነው። ለትምህርት ያህል የሚከተለው ተዘጋጅቷል።

ባለጸጋው መዝገቡን በማታ ቢዘጋ፤
ድኆች ከደጁ ቆመው ሲያነቡ ነጋ።

ሰሙ ስለ መጽሐፍ ነው፤ መዝገቡ ቢዘጋም ሰዎች ሲያነቡ አደሩ ይላል። ነገር ግን የተዘጋ መጽሐፍ እንዴት ይነበባል? ተማሪው እዚህ ላይ ሲቆም ወርቁ ይገለጥለታል። መዝገብ የተባለው የእህል ቤት ነው፤ «ሲያነቡ» የተባለውም አነበበ ከሚለው ሳይሆን አነባ ከሚለው፥ ይኸውም እንባ አፈሰሰ ከሚለው ነው። ባለጸጋው ጎተራውን ቈልፎ ቢተኛ ድኆቹ ከደጁ ሲያለቅሱ ነጋ ማለት ነው። ልጆች ይህን የመሰለ ምሳሌ ከተማሩ በኋላ ራሳቸው እንዲሞክሩ ቢደረግ መልካም ነው፤ ስለምን ቢሉ፥ ቃልን የሚያውቅ ሰው የሚፈተነው ሲተረጕም ብቻ ሳይሆን ሲሠራበትም ነው።

ስለ ጉድጓድና ስለ ክፉ ቀን

መሪጌታው ይህን ሁሉ ለመምህሩ ከነገሩት በኋላ፥ መምህሩ አንድ ነገር ጠየቃቸው። የጠየቀውም ለመንካት ብሎ አልነበረም።

«መሪጌታ፥ እንግዲህ በዚህ ዓመት በጉድጓድ እህል ያለው ሰው ዘጋቢ ነው ይባላል ወይስ ንፉግ?»

መሪጌታው ዝም አሉ። በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናም ቀርቷል፤ በመንደሩም ብዙ ቤት ጎታው ተጠርጓል፥ በገበያም የእህል ዋጋ በየሳምንቱ ይወጣ ነበር። መሪጌታው ግን ከሦስት ዓመት ጀምሮ ያልተከፈቱ ሁለት የማሽላ ጉድጓዶች ነበሯቸው። ይህንም መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም።

ቈይተውም፥ «ልጄ፥ አያቴ የክፉውን ቀን ዘመን ያየ ሰው ነበረ። ጉድጓድ ያለው ሰው ሰው ነው፥ ጉድጓድ የሌለው ሰው ግን ጥላ ነው እያለ አሳደገኝ። የምፈራው ስለ ስስት አይደለም» አሉት።

ይህ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣም ታከሉበትና ለአያሌ ዓመታት ጽኑ ራብ ሆነ። የአገር ሰው ያን ዘመን «ክፉ ቀን» ብሎ እስከ ዛሬ ይጠራዋል። በዚያም ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ የቤተ መንግሥቱን ጎተራ አስከፍተው ለተራቡት እህል እንዳስታደሉ በታሪክ ይነገራል። ከዚያ ዘመን የተረፉ አባቶች ጉድጓድ መቈፈርን ለልጆቻቸው እንደ ኑዛዜ ቢያስተላልፉ አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ራብ ሁሉ ከማከማቸት የመጣ እንዳይመስል መጠንቀቅ ይገባል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነውን ራብ የመረመረው የሕንድ ተወላጅ የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን፥ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በዚያ ጊዜ የመላው አገር እህል እጅግ እንዳልጎደለ፥ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የሚወጣ እህል እንደ ነበረ ገልጿል። ገበሬው አዝመራው ስለ ጠፋ የሚገዛበት አጣ እንጂ እህል ከምድር ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ ራብ በመጣ ቍጥር ጎረቤትን ወይም ነጋዴን ብቻ መወንጀል ነገሩን አያስረዳም። ቢሆንም ዋጋ ለማስወደድ ሸቀጥ መደበቅ በሕግ የተነቀፈ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅም ይህን ከልክሏል።

ደግሞም ጉድጓዱ ራሱ ለባለቤቱ የሚያስተምረው ትምህርት አለው። የእህል ጉድጓድ አፉ ጠባብ፥ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቈፈራል፤ ውስጡ በጭድ ይለበጣል፥ አፉም በድንጋይና በዐፈር ይደፈናል። ታፍኖ ሳለ ማሽላው ለዓመታት ይቈያል። አንድ ጊዜ ከተከፈተ ግን ነፋስና እርጥበት ስለሚገባው ቶሎ ማውጣት ያስፈልጋል። በተከፈተም ጊዜ በውስጡ የታፈነው መጥፎ አየር ሰው ይገድላልና፥ ሳይናፈስ የሚገባ ሰው ሊሞት ይችላል። ከዚህም በላይ በጉድጓድ ብዙ ጊዜ የኖረ እህል የመብቀል ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ ብልህ ገበሬ ለዘር የሚሆነውን ለብቻው በሌላ ስፍራ ያኖራል። እንግዲህ አንድ ጉድጓድ የሞላ ማሽላ አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን በቶሎ በልቶ አይጨርሰውም፤ ዘርም አድርጎ አይመካበትም። ሲከፈት ለብዙ ሰው እንዲሆን ተፈጥሮው ያስገድደዋል።

ባለቤታቸው የማያውቃቸው መዛግብትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1940 በደብረ ዳሞ ገዳም በጥንት ጊዜ በሕንድና በመካከለኛው እስያ የነገሡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ ከመቶ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ያከማቸው ሰው ስሙ አልታወቀም፤ ተመልሶም አልወሰደውም። ወርቁ ለታሪክ ተመራማሪዎች ጥቅም ሆነ፤ ለባለቤቱ ግን ምንም አልሆነም።

በዚያች ሌሊት መሪጌታው እንቅልፍ እንቢ አላቸው። ሲነጋ ልጃቸውን ልከው መምህሩን አስጠሩትና እንዲህ አሉት።

«ሁለት ጉድጓድ አለኝ። አንደኛውን ለክፉ ቀን እተወዋለሁ፤ አያቴን አላሳፍረውም። ሁለተኛውን ግን ዛሬ እከፍታለሁ። የሚወስድ ሁሉ በቁና ይስፈር፥ በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራ ሲገባ በዚያው ቁና ይመልስ፤ ወለድ የለበትም። የማይችል ሰው ካለም ለዚያ ሰው እግዚአብሔር ያውቃል። አንተ ግን ያን ደብተርህን ይዘህ ና፥ ማን ስንት ቁና እንደ ወሰደ ጻፍልኝ፤ ሰው እንዳይጣላ።»

መምህሩም፥ «እሺ መሪጌታ፤ ስለ ብድሩ ግን በተለየ ገጽ እጽፋለሁ» አላቸው። ያንን ጥያቄ የጠየቀውንም ልጅ ይዞት መጣ። ጉድጓዱ ተከፍቶ እስኪናፈስ ድረስ ሰዉ በዙሪያው ቆሞ ጠበቀ። ከዚያም እህሉ እየተሰፈረ ሲወጣ፥ ልጁ ከመምህሩ ጎን ተቀምጦ ስሞቹንና ቁናዎቹን እየተነገረው ጻፈ። የመጀመሪያው ስም የእናቱ ነበረ።

ሲጨርሱም መሪጌታው ደብተሩን ተቀብለው አዩና፥ «አየህ ልጄ፤ ይህ ነው የጠየቅኸው። ይህ ከመሬት በታች ያለው መዝገብ ነው፥ ይህ በእጅህ ያለውም መዝገብ ነው። የመጀመሪያው ሲጎድል ሁለተኛው ይሞላል» አሉት።

ለመምህራንና ለሽማግሎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ከዚህ ንግግር ሦስት ነገር በአጭሩ ሊያዝ ይገባል።

መጀመሪያው፥ አንድ ቃል በአሮጌው መጽሐፍና በአዲሱ ኑሮ የተለያየ ትርጓሜ ሊኖረው እንደሚችል ነው። ልጅ በዚህ ምክንያት ሲሳሳት መሳቅ አይገባም፤ ስሕተቱ የቃሉን ታሪክ ለመማር በር ይከፍታልና። መልሱንም መምህሩ ባያውቀው ወደሚያውቅ ሽማግሌ መሄድ አያሳፍረውም።

ሁለተኛው፥ ማከማቸት በራሱ ነውር እንዳልሆነ፥ መንፈግ ግን ነውር እንደ ሆነ ነው። ለዘር፥ ለክፉ ቀንና ለሥርዓት ማኖር ብልህነት ነው። ጎረቤት በራብ ሳለ፥ ወይም ዋጋ እስኪወደድ እየጠበቁ መቈለፍ ግን የቃሉን መልካም ግማሽ ጥሎ ክፉውን ግማሽ መያዝ ነው።

ሦስተኛው እውቀትን የሚመለከት ነው። በዚህ አገር ብዙ ሊቃውንት የቅኔውንም፥ የትርጓሜውንም፥ የመድኃኒቱንም፥ የሥራ ጥበቡንም ምሥጢር በልባቸው እንዳኖሩ አልፈዋል። የማሽላ ጉድጓድ ባለቤቱ ቢሞት ልጆቹ ቈፍረው ያገኙታል፤ በልብ የተቀመጠ እውቀት ግን ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ስለዚህ ያወቀ ሽማግሌ ለመምህሩ ይንገር፤ መምህሩም ይጻፍ፤ ተማሪውም ያንብብ። የእህል ባለቤት ግማሹን ለክፉ ቀን ቢያስቀር ማንም አይወቅሰውም፤ የእውቀት ባለቤት ግን የሚያስቀርበት ክፉ ቀን የለውም፤ ክፉ ቀኑ ሳይነግር የሚሞትበት ቀን ነውና።